የማውቀው እግር

መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። በሩን ከፍተው ሲገፉኝ ዓይኔ ጨለማውን ገና አልለመደም፤ ከኮሪደሩ ተከትላኝ የገባችው ትንሽ ብርሃን ያረፈችው ወለሉ ላይ በተደረደሩ ባዶ እግሮች ላይ ነበር። ጫማ ደጅ ነው የሚወልቀው፣ የኔንም አስወልቀውኛል። እግሮቹ ባለቤት እንዳላቸው ያወቅሁት አንዱ "ኧረ በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ!" ብሎ ሲጮህ ነው።

"እዚህ እንኳን ደህና መጣህ አይባልም" አለኝ ከጥግ አንድ ወፍራም ድምፅ። "ግን ግባ። የምትተኛበትን ላሳይህ።"

የክፍሉ አለቃ ነበር፤ ካቦ ነው የምንለው። ከደቡብ ምዕራብ የመጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ እህል ሲነግድ የኖረ ጎልማሳ። ቦታ ስለማይበቃ እንዴት እንደሚተኛ አስረዳኝ፤ አንዱ ጭንቅላቱን ወደ ግድግዳ፣ ቀጣዩ ወደ መሃል፣ እንደ ሰርዲን ተገለባብጦ። ስለዚህ እያንዳንዱ እስረኛ ፊቱ አጠገብ የሌላ ሰው እግር አለው። "ያንተ እግር ያ ነው" አለና ጠቆመኝ። ቀጭን እግር፤ የቀኙ አውራ ጣት ጥፍር የለውም፣ ትንሿ ጣት ደግሞ ጎረቤቷ ላይ ወጥታለች።

ጠዋት ባለቤቱ ቀና አለ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ተማሪ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ" አለኝ።

"ለምኑ?"

"እግሬ ይሸታል።"

ድምፁን ስሰማ አወቅሁት። እዚህ ያስገባኝ ድምፅ ነው። ይቅርታውም ለእግሩ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ፣ ግን "ግድ የለም፣ የሁላችንም ይሸታል" አልኩት። መናደድ ነበረብኝ መሰለኝ። ምንም አልተሰማኝም።

የታሰርኩት ቤዝ ጊታር በመጫወት ነው። ይህን ስናገር ዛሬም ሰው ይስቃል፣ ይሳቅ። ልጅ ሳለሁ የምፈልገው ጊታር ነበር። ባንዱ ውስጥ ቤዙን የሚይዝ ሲጠፋ የመጨረሻ ገቢው እኔ ነኝና ለኔ ተሰጠኝ። እናቴ አንድ ቀን መጥታ ስታየኝ አምሽታ፣ "ልጄ፣ ያንተ ብቻ እኮ አይሰማም። እያታለሉህ እንዳይሆን" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የቤዝ ድምፅ ካልቆመ በቀር መኖሩ አይታወቅም። በኋላ ግን ፈንክ የሚሉት ሙዚቃ በሸክላ መምጣት ሲጀምር ነገሩ ተገለበጠ። እዚያ የሚናገረው ቤዙ ነው፤ ዘፋኙ ጣልቃ ገብ ነው። ያን ሸክላ እስኪያልቅ ሰማሁት፣ የቤዙን ክር እስኪላጥ ቀጠቀጥኩ። የጣቶቼ ጫፍ እንደ ተረከዝ ደደረ። ከተማው ውስጥ ያን አጨዋወት የሚችል ፈልጉ ቢባል ሰው ወደኔ ነበር የሚጠቁመው። ጉራ አይደለም፣ ሌላ የሚፈልገው ስላልነበረ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጭፈራ ቤት ለተማሪዎች እንጫወት ነበር። የቤቱ ጌታ አንድ ሕግ ነበረው። ጠርሙስ ቢወረወርም፣ ጩቤ ቢመዘዝም ሙዚቃው አይቆምም። ሙዚቃ ከቆመ ሰው ይደነግጣል፣ ከደነገጠ ይረጋገጣል። በተያዝኩበት ቅዳሜ ዘፋኟ ቀሚስ ልትለውጥ ወደ ጓዳ ስትገባ እኛ ያለ ዘፈን እየነዳን ነበር። አንድ ልጅ መድረኩ ላይ ዘሎ ባዶውን ማይክራፎን ያዘና "መሬት ላራሹ!" አለ። አንዴ ብሎም አልተወ። ጊታሩ ቆመ፣ ኦርጋኑ ቆመ። ድራም መቺያችንና እኔ ግን በሕጋችን ቀጠልን። ልጁም በምታችን ላይ ገባ። አዳራሹ በሙሉ በጭብጨባ ተቀበለው። እውነቱን ልናገር፣ ቃሉ ምቱ ላይ ጥሩ ነበር የተቀመጠው።

ፖሊስ ሲገባ ልጁ ሕዝቡ ውስጥ ሰመጠ፤ የትኛው እንደሆነ ስላላወቁ ያገኙትን ተማሪ ሁሉ አፈሱ። ድራም መቺው በወጥ ቤት በኩል ጠፋ። እኔ ቤዙ አንገቴ ላይ ነው፣ ወዴት ልሂድ? የተባልኩት "አመጽ በሙዚቃ አጅበሃል" ነው። ካቦው ታሪኬን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት አንተ ነህ!" አለኝ። የመሃል ከተማው ጣቢያ ሞልቶ ስለነበር ወደ ኮልፌ ፖሊስ ካምፕ አመጡን። ያኔ ኮልፌ የከተማው ዳር ነው። በሽቦዋ መስኮት የሚገባው የባሕር ዛፍ ሽታና ወደ አስኮ የሚያዘግሙ የአህዮች ኮቴ ነበር።

ምርመራውን የያዘው ሻምበል ጨዋ ሰው ነበር፣ አልመታኝም። ወንበር ሰጠኝ።

"ማይክራፎኑን የያዘው የትኛው ነው?"

"አላየሁም ጌታዬ።"

"ክንድህን ብትዘረጋ ትነካው ነበር!"

"ቤዝ የሚጫወት ሰው የሚያየው የድራም መቺውን እግር ነው። ፔዳሉን ሲረግጥ እኔ እመታለሁ። ዓይኔን ካነሳሁ ይጠፋብኛል።"

ግማሹ እውነት ነበር። አጨዋወታችን እንደዚያ ነው። ግን ልጁ ሲዘል ዓይኔ ተነስቶ ነበር፣ ድምፁም ጆሮዬ ውስጥ ነው። ሻምበሉ ፈገግ አለና "እናያለን" አለኝ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ካቦው ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስማ፣ ሌሎቹ ተማሪዎች አባታቸው እየመጣ እየፈረመ ይወጣሉ። ማይክራፎኑን የያዘውን ግን የሚጠብቀው ግዞት ነው። ቆላ ነው የሚወርደው። ከዚያ በእግሩ ሲመለስ ያየሁት የለም" አለኝ። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። መስማቱን ያወቅሁት ጆሮው ሲቀላ ነው።

ስለዚያ ነገር ከልጁ ጋር አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ቀኑ ይነጋል ይመሻል። ሥራ የፈታ ጣቴን በአውራ ጣቴ እያሻሸሁ እቀመጥ ነበር። የደደረው ቆዳ እየተላጠ ወደቀ፣ ከሥሩ የሕፃን የመሰለ ቆዳ ወጣ። ዓመታት የፈጀብኝ ነገር ነው። ሳየው ማዘን አቃተኝ።

አንድ ጠዋት ጠሩኝ። የወሰዱኝ የካምፑ የማርሽ ሙዚቀኞች ወደሚለማመዱበት አዳራሽ ነው። አንድ ቤዝ ጊታር ከአምፕሊፋየሩ ጋር ተሰክቶ ይጠብቀኛል። ድራሙ ላይ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሃምሳ አለቃ ተቀምጧል። ሻምበሉ ወንበሩን ገልብጦ ተቀመጠና ዕቅዱን ሳይደብቅ ነገረኝ።

"አንተ ትጫወታለህ። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ገብተው ፊትህ ይቆማሉ። ካላየኸው አታውቀውም፣ እጅህም አይሳሳትም። ዓይንህ ከተነሳ ወይም እጅህ ከሳተ ግን የምፈልገውን ልጅ አገኘሁ ማለት ነው። አንተም ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።"

ተንኮሉ ገርሞኛል። ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።

"ምን እንምታ?" አለኝ ሃምሳ አለቃው፣ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ።

"ፈንክ ይችላሉ?"

"እኛ ማርሽ ነው የምንመታው። አስጀምረኝና እከተልሃለሁ።"

ጀመርኩ። ከመጀመሪያዎቹ ምቶች ጀምሮ ክሩ አዲሱን ቆዳዬን ያቃጥለው ገባ። ሰውዬው ግን ወዲያው ያዘኝ። ማርሽ ነው ያለኝ፣ ውሸቱን ነው፤ እቤቱ ሸክላ አለው። ዓይኔን ጥቁር ቡት ጫማው ላይ ተከልኩ። በጣም የተወለወለ ጫማ ነበር። ሲረግጥ እመታለሁ፣ ሲያነሳ እተዋለሁ።

አንድ ያላሰብኩት ነገር ግን ነበር። ዓይኑን መሬት ላይ የተከለ ሰው ፊት አያይም እንጂ እግር ያያል። ተማሪዎቹ ደግሞ ባዶ እግራቸውን ናቸው። የመጀመሪያው ገባ፣ ሰፊ እግር፣ ከቡት ጫማው አጠገብ ቆሞ ሄደ። ሁለተኛው ተረከዙ የተሰነጠቀ ነው። አላውቃቸውም፣ እጄም አላወቃቸውም።

ሦስተኛው ላይ ጥፍር የሌለው አውራ ጣት መጣ።

ስንት ጊዜ ከዚያ ጣት ጋር ነቅቻለሁ። ፊቱን ብትጠይቁኝ እሳሳት ይሆናል፣ ያን እግር ግን ከእናቴ እጅ እኩል አውቀዋለሁ። እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ትንሿ ጣት ጎረቤቷ ላይ እንደ ወጣች ትርገፈገፋለች። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የኖርኩት የማየውን እግር በመከተል ነው። እጄ ሳላዘው ያን መንቀጥቀጥ ሊከተል ተነሳ። ሲፈጥን ይታወቀኛል፣ ማቆም ግን አልቻልኩም። ልጁን በገዛ እጄ ቆላ ላወርደው ነው አልኩ በሆዴ።

ያኔ ፔዳሉ ጠነከረ። ቡት ጫማው እንደ ዘነዘና ወረደ። ድም። ደግሞ ድም። ከአዳራሹ ወለል ተነስቶ በባዶ እግሬ ገብቶ ጉልበቴ ድረስ መጣ። ወደዚያ ተመለስኩ። ያን እግር እያየሁት እንዳላየሁት አለፍኩት። እግሩም ጥቂት ቆሞ ዞሮ ሄደ። የቀሩትም ገቡ፣ የቀሩትም ወጡ።

"በቃ" አለ ሻምበሉ። ተነስቶ ወንበሩን ወደ ግድግዳው መለሰ። "ለካ እውነት ነው። እነዚህ ሰዎች እንደ በሬ ናቸው፤ ቀንበራቸውን እንጂ መንገዱን አያዩም።" ተቆጥቶ አይደለም፣ የደከመው ይመስል ነበር።

ዘበኛው በሩን እስኪከፍት ሃምሳ አለቃው ቤዙን ከአንገቴ ሊያወርድ ቀረበኝ። ክሮቹ ላይ ደም ነበር። በኮቱ እጅጌ ጠረገውና በጆሮዬ፣ "ሦስተኛው ላይ ፈጥነሃል" አለኝ።

ዘበኛውን በዓይኔ ፈለግሁት።

"እኔ ነኝ የመለስኩህ" አለ። "ጣትህን ጨው ውሃ ውስጥ ንከረው።" ቤዙን ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። እስከዚያ ድረስ ምንም ያልተሰማኝ ሰው፣ ኮሪደሩ ላይ የክፍላችንን በር አልፌ ስሄድ ዘበኛው ክንዴን ይዞ መለሰኝ።

ወደ ማምሻው ውሃ ታደለ። ለአንድ ሰው አንድ ጣሳ ነው፣ እስከ ነገ ጠዋት ሌላ የለም። ልጁ ጣሳውን ሁለት እጁ መሃል ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ ዛሬ አውቀውኝ ነበር?"

"ቀና ብዬ አላየሁህም።"

"እሱንስ አይቻለሁ።"

"እግርህን ነው ያወቅሁት" አልኩት።

እግሩን አየው። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ በሩ ጥግ ሄዶ ቁጢጥ አለና ጣሳውን እያዘነበለ መታጠብ ጀመረ። ቀስ እያለ፣ በጣቶቹ መሃል ሁሉ፣ ያን ጥፍር የሌለውን ደጋግሞ።

"ኧረ ምን ሆነሃል አንተ ልጅ!" ብሎ ካቦው ጮኸ። "የምትጠጣውን? አበድክ እንዴ?"

"እግሬ ጋሼ ፊት አጠገብ ነው እኮ የሚያድረው" አለ ልጁ። ካቦው አፉን ከፍቶ አየን፣ አንድ ጊዜ እኔን አንድ ጊዜ እሱን፣ ከዚያ ዞሮ ተኛ። እኔ ከጣሳዬ ግማሹን ጠጣሁና ግማሹን ለልጁ ሰጠሁት። ሳይግደረደር ጨለጠው። ስንተኛ እግሩ ቀዝቅዞ ፊቴ አጠገብ ነበር፤ የቆርቆሮ ሽታ ይሸታል። ከገባሁ ወዲህ ያን ቀን ነው ጥሩ እንቅልፍ የወሰደኝ።

ከዚያ አባቱ መጥቶ ፈርሞ አወጣው። እኔም በዋስ ወጣሁ። ቆዳዬ እንደገና እስኪደድር ጊዜ ወሰደ፤ ባንድ ለወጥኩ፣ መንግሥትም ተለወጠ፣ ሰዓት እላፊውም መጣ፣ ጭፈራ ቤቱም ተዘጋ። ከዚያ ኋላ ለሠርግ ተጫውቻለሁ፣ ለማንም ተጫውቻለሁ። የልጁን ስም አልጠየቅሁትም ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ስም አለማወቅ ይሻላል፤ የማታውቀውን አትናገርም።

አሁን የምኖረው እዚያው ኮልፌ ነው፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወጣ ብሎ። ጎረቤቶቼ ጴንጤዎች ናቸው፤ እሁድ ከአዳራሻቸው የቤዝ ድምፅ በግድግዳው በኩል ይመጣል። አንዳንዴ ተጫዋቹ ይፈጥናል። እኔ ግድግዳውን በጡጫዬ ቀስ አድርጌ እመታለታለሁ፣ አይሰማኝም እንጂ።

የልጁ ፊት ጠፍቶብኛል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰው ጫማውን ሲያወልቅ የኔ ዓይን ወደ ታች ነው። ዛሬ ያ እግር የሽማግሌ እግር ነው፣ ጅማቱ ወጥቶ ይሆናል፣ ካለ። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ተማሪዎች የሉም። ባገኘው የምነግረው ነገር የለኝም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጫማዬን አወልቃለሁ።