ሜሪ ዶናልድ አንገስ

ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ሜፕልዉድ ሞል ደጃፍ አንዲት ልጅ ቫዮሊን ስትጫወት ሰምቼ የመጣሁበትን ረስቼ ቆምኩ። ሚስተር ኢያን ትዝ አሉኝ።

የከተማው ባቡር ሥራ በጀመረ ሰሞን ነው፤ እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ከወሎ ከመጣሁም ገና ሁለት ዓመቴ። ከምኖርበት ከሴዳር ሪቨርሳይድ ወደ ሪችፊልድ ሰፈር እየተመላለስኩ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ እንከባከብ ነበር። ሚስተር ኢያን በሕፃንነታቸው ከስኮትላንድ የመጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ቫዮሊን የተጫወቱ ሰው ነበሩ። ቁርሳቸው ጨው ያለበት የአጃ ገንፎ ነው፤ እኔም የአጃ አገር ልጅ ነኝና በዚያ ተግባባን።

መቀመጥ አያውቁም። መደገፊያ ዎከራቸውን ይዘው ከመስኮት ወደ ጠረጴዛ ይንጎራደዳሉ፤ ደግሞ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ እኔ በዚያ በረዶ ፖስታ ቤት እወስዳለሁ። ጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ ደብተር ነበር። ከመስከረም ጀምሮ አቧራውን ስጠርግ አንድ ቀን አልገለጥኩትም። ሥልጠና ላይ «የግል ነገር አትጠይቁ» ተብለናል፤ እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም።

ግንቦት ላይ ራሳቸው ዘረጉልኝ። በእጅ የተጻፉ ዜማዎች ናቸው፤ አባታቸው ትተውላቸው የሞቱት፣ ሙዚቃን የተማሩበት።

«ይህን የጻፈችውን ሴት ሳላገኝ ልሞት ነው» አሉኝ። «አንገስ ለሚባል ቤተሰብ ሁሉ ጻፍኩ። የሚያውቃት የለም።»

የመጀመሪያው ገጽ «ሜሪ ዶናልድ አንገስ» ይላል።

«አንገስ የቤተሰብ ስም ነው እንዴ?» አልኩ። «በእኛ አገር ቢሆን የዶናልድ ልጅ፣ የአንገስ የልጅ ልጅ ናት።»

ቀጥ ብለው ቆሙ። «አባቴ ዶናልድ ነው» አሉ። «አያቴ አንገስ።»

ለወንድም ለእህት ሳልታደል ቀረሁ እያሉ ሰባ ዓመት የኖሩ ሰው! ወደ አባታቸው መንደር እኔ ደወልኩ። አውቶቡሴ አመለጠኝ፤ ማን አስቦት። የመንደሩ ፖስታ ቤት ስልኩን ያነሳችው ሴት ስሙን እንደሰማች አወቀች። እዚያም ሰው በአባትና በአያቱ ስም ይጠራል ለካ። ሜሪ ዶናልድ ከሞተችው ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳት ነበረች። አባቷ ለአያቷ ትቷት፣ አዲሷን ሚስቱንና ሕፃኑን ይዞ አሜሪካ ሲሄድ፣ ያገሩን ዜማ እንዳይረሳ ጽፋ ላከችለት። ቫዮሊን ስታስተምር ኖራ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ተቀበረች።

ሚስተር ኢያን ያን ቀን ወንበራቸው ላይ ቁጭ እንዳሉ ዋሉ። መስከረም ላይ «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ወንድምና እህት ስድስት ወር ይኖራቸው ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን የሰው ነገር አይመለከተኝም ማለት ትቻለሁ። አውቶቡስ ላይም፣ ሱቅ ውስጥም «የማን ልጅ ነህ? አባትህ በሕይወት አሉ? ትደውላለህ?» እላለሁ። ልጄ በሐፍረት ክንዴን ትቆነጥጠኛለች፦ «ማሚ፣ ስቶፕ!»

ትቆንጥጠኝ።