ቀለም ያልያዘው ስፌት

ሰፈሩ ሁሉ «ጣተ ሰማያዊው» ይለዋል። ምን ያድርጉ፣ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሲያቀልም የኖረ ሰው ነው፤ ጥፍሩ ሥር የገባው ቀለም በሳሙናም በሎሚም አልለቅ አለ። ግትርነቱም እንደዚያው ነው። ጥጥ ካልተቀቀለ ቀለም አይዝም ብሎ ድርቅ ይል ነበር። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዚህ ስንቴ ተጣልታዋለች! «የአዋቂ ልብስ ቀቅለህ የሕፃን ታደርገዋለህ» ትለው ነበር። እሷ በቀዝቃዛ ውሃ የሚሠራውን ቀለም ነበር የምትወደው፤ ጨውና ሶዳ ጨምራ፣ ቀስ ብላ እያገላበጠች። ኧረ ያ ጭቅጭቅ ዛሬ በተገኘ!

ባለፈው ሳምንት ልጁ የእናቷን የጥጥ ቀሚስ ይዛ ማቅለሚያ ቤቱ መጣች። ሰማያዊነቱ ለቆ አመድ መስሏል። እናቷ ስትሞት ገና ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ከእናቷ የቀራት ይኸው ቀሚስ ነው።

«አባዬ፣ ለምርቃቴ ልለብሰው ነው። እንዳታበላሽብኝ፣ አደራ!»

ቢቀቅለው ቀለሙ ጠልቆ ይገባል። ግን ያረጀ ጨርቅ ነው፤ ከተሰበሰበ ማን ይለብሰዋል? ሁለት ቀን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ ምድጃውን ተወና የሚስቱን ሳፋ አወረደ። «እሺ፣ አሸነፍሽኝ» አለ ለብቻው።

ቀሚሱ ሲደርቅ አዲስ መሰለ። ግን ወይ ጉድ! ወገቡ ላይ ግራና ቀኝ አመድማ ስፌት ጎልቶ ወጣ። ጨርቁ ጥጥ መሆኑን አይቶ ክሩን ማየት ረስቷል፤ ክሩ ናይለን ነበር፤ ናይለን ደግሞ ይህን ቀለም አይቀበልም። ጀማሪ እንኳ የማይሳሳተውን ስህተት በገዛ ልጁ ቀሚስ ላይ ሠራው።

«ፈትቼ በጥጥ ክር እሰፋዋለሁ፤ ማንም አያውቅም» አላት አንገቱን ደፍቶ።

«ማነው እንዲህ አጣሞ የሰፋው?»

«እናትሽ ናት። አንቺን ስታረግዝ ጠበባትና ጎንና ጎኑን ፈታችው። ከወለደችሽ በኋላ መልሳ አጠበበችው። አንቺን ጭኗ ላይ አስተኝታ ነው የሰፋችው፤ እንዳትነቂባት ክንዷን እንደ ልቧ አላንቀሳቀሰችም።»

ልጅቷ ስፌቱን በጣቷ ጫፍ ከላይ እስከ ታች ተከተለችው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እንዳትነካው፣ አባዬ» አለች። «ጭኗ ላይ እንደነበርኩ የሚነግረኝ ሌላ ምን አለኝ?»