ጌታቸው ዋሻው ውስጥ የነገረኝ

ባለፈው እሑድ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቼ ልጄ ማርታ ዘንድ አሌክሳንድሪያ ምሳ ሄጄ ነበር። ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ መኪና ተጋጭቶ መንገዱ በመዘጋቱ የግማሽ ሰዓቱ መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደብኝ። ስደርስ ፓስታው ቀዝቅዟል፤ ባሏም ሥራ ገብቷል። ማርታ ሳህኔን ማይክሮዌቭ ውስጥ እያስገባች ስልኳን አቀበለችኝ።

«ዳዲ፣ ይሄን እይ። ለአኒቨርሰሪያችን ሪዘርቭ ያደረግነው ነው።»

ቪዲዮ ነው። ጠባብ የድንጋይ አፍ ይታያል፤ ከሥሩ ሰማያዊ ባሕር። ትንሽ ጀልባ ውስጥ ቱሪስቶች በጀርባቸው ተንጋለዋል። ጀልባ ነጂው ጎንበስ ብሎ ሰንሰለት ሲስብ ሁሉንም ጨለማው ዋጣቸው፤ ከዚያ በኋላ ሳቅና ጩኸት ብቻ ነው የሚሰማው።

ስልኩን አስቀምጬ ተነሣሁ። እስከ መስኮቱ ሄድኩ፤ ተመለስኩ፤ እንደገና ሄድኩ።

«ምን ሆንክ? አር ዩ ኦኬ?»

«ጣልያን አገር እንደዚህ ያለ ዋሻ ውስጥ ገብቼ አውቃለሁ።»

«ሲሪየስሊ? ነግረኸኝ አታውቅም እኮ!»

እውነቷን ነው። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ሳህኔ በማይክሮዌቩ ውስጥ እንዳለ ነገርኳት።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ወደ አሜሪካ ለመሄድ አመልክቼ ሮም ላይ ተራዬን ስጠብቅ አንድ ዓመት ከሁለት ወር አልፎኛል። መጠበቅ የማይሆንለት ሰው አለ፤ እኔ እንደዚያ ነኝ። ጠዋት ባቡር ጣቢያ እሄድና የሚነሡትን ባቡሮች ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አንብቤ እመለሳለሁ። ከሰዓትም እንደዚያው። አብሮኝ የሚኖረው ጌታቸው ፍጹም ሌላ ሰው ነበር። የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ የደረሰበት ሁሉ ቤቱ የሚሆንለት። በሦስት ወር ውስጥ ጣልያንኛ አቀላጥፎ ከአትክልት ሻጮች ጋር ይቀላለድ ነበር። እኔ ግን ጥዬው ለምሄደው አገር ቋንቋ ምን አደከመኝ ብዬ ከሰላምታ ብዙም አላለፍኩም።

እኛ አገር ዝናቡ ቆርቆሮ በሚደበድብበት በሐምሌ፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ ወረድን። ከናፖሊ አልፎ ፓሊኑሮ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። አንድ የባሕር ዳርቻ ሆቴል ሁለታችንንም ቀጠረን፤ እኔን ዕቃ አጣቢ፣ ጌታቸውን ሻንጣ ተሸካሚና ተላላኪ። ከምሳ እስከ እራት ባለው እረፍት ከተማው በሙሉ ይተኛል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ ብቻ ወደ ወደቡ እወርዳለሁ።

እዚያ ሳልቫቶሬ የሚባል ሽማግሌ ጀልባ ነጂ ነበር፤ ቱሪስቶችን ዋሻ ለዋሻ የሚያዞር። በመጀመሪያ ገመድ አሰርኩለት፤ ቀጥሎ ይዞኝ መሄድ ጀመረ። አንዱ ዋሻ ድኝ ይሸታል። የአንዱ ግድግዳ ደም የተረጨበት ይመስል ቀይ ነው። ሰማያዊው ዋሻ ውስጥ ደግሞ ብርሃኑ የሚመጣው ከውሃው ሥር ነው፤ እጄን ስነክር ጥቁሩ እጄ ብር የተቀባ ይመስላል። ስንመለስ ሳልቫቶሬ ዳቦ ቆርሶ በዘይት የተዘፈዘፈ ትንንሽ ዓሣ ይሰጠኛል፤ በላዩ ከብስለት ብዛት የተሰነጠቀ ነጭ በለስ። ያ ጣዕም እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አለ። ግን እውነቱን ልናገርና፣ ከሁሉ የምወደው ጀልባው ከወደቡ የሚላቀቅበትን ደቂቃ ነበር። የትም ይሂድ፤ ብቻ ይሂድ።

አንድ ማክሰኞ እኔና ጌታቸው እኩል እረፍት ወጣን። ሳልቫቶሬ የልጅ ልጁ ክርስትና ስለነበረበት ትንሿን ባለ መቅዘፊያ ጀልባ አዋሰን።

«ከቀትር በፊት ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ነፋስ አለ» ብሎ አስጠነቀቀን።

ቀኑ ሊጋመስ ሲል ጌታቸው «በቃ እንመለስ» አለኝ። እኔ አንድ ዋሻ ብቻ ብዬ ለመንኩት። ሳልቫቶሬ ሁልጊዜ ሳይገባባት የሚያልፋት ጠባብ ዋሻ ነበረች፤ በዚያ ክረምት ስትከነክነኝ ከርማለች። ተንጋለን፣ የላዩን ድንጋይ በእጃችን እየገፋን ገባን። ውስጧ ግን የትልቅ ቤት ሳሎን ያህል ሰፊ ነበር። ድምፃችን እየዞረ ይመለሳል። ደስ አለኝ፤ ጮኽኩ፤ ዘፈንኩ።

ድንገት ብርሃኑ ጠፋ። ጆሮዬ ድፍን አለ። ጀልባዋ ወደ ላይ ተነሥታ ራሴ ከጣሪያው ድንጋይ ሊጋጭ ትንሽ ሲቀረው ወረደች፤ ብርሃኑም ተመለሰ። ነፋሱ ተነሥቶ ማዕበሉ የዋሻውን አፍ እየሞላው ነው። በመጣ ቁጥር እንጨልማለን፤ በሸሸ ቁጥር እንበራለን።

«ጌች፣ አንተ ዋና ትችላለህ» አልኩት። «ጠልቀህ ውጣና ሰው ጥራ።» እኔ ዋና አልችልም።

«ስመለስ ጀልባዋ ድንጋይ ላይ ተፈጥፍጣ ባገኛትስ? አልሄድም።»

ሁለት ሰዓት ያህል በመቅዘፊያዎቹ ግድግዳውን እየገፋን ቆየን። እጃችን ዛለ። አንድ ጊዜ ረዘም ያለ ጨለማ መጣና ያበቃልን መሰለኝ። ብርሃኑ ሲመለስ ጌታቸው እያለቀሰ ነበር።

«ዳኒ፣ ሳልነግርህ እዚህ አልሞትም። ደብዳቤህ መጥቷል።»

«የምን ደብዳቤ?»

«የቪዛው። ከሮም ወደ ሆቴሉ ላኩልህ። ባለፈው ረቡዕ ነው የደረሰው። ፍራሼ ሥር ነው። ቀጠሮህ ከነገ ወዲያ፣ ሐሙስ ጠዋት ነው።»

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። ሲገባኝ መቅዘፊያውን ጨብጬ ብድግ አልኩ። ልመታው ነበር። ልክ በዚያች ሰኮንድ ጨለመ። ብርሃኑ ሲመጣ ጌታቸው እጁን እንኳ አላነሣም፤ ዝም ብሎ ያየኛል። መቅዘፊያውን አወረድኩት።

«ለምን?»

«የእኔን ከለከሉኝ። ሁለተኛ ጊዜ ነው። አልነገርኩህም። አንተ ስትሄድ ማን አለኝ? ሐሙስ ይለፍ፣ ከዚያ እነግረዋለሁ፣ ሌላ ቀጠሮ ይሰጡታል ብዬ...»

አንድ ዓመት ከሁለት ወር አንድ ክፍል ስንኖር ያንተስ ጉዳይ እንዴት ሆነ ብዬ ጠይቄው አላውቅም ነበር። እርጋታ የመሰለኝ ነገር የሚሄድበት ማጣት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ግን መግባቱ ንዴቴን አላበረደውም።

ጌታቸው ማዕበሉን መቁጠር ጀመረ። ከትልልቆቹ በኋላ ሦስት ትንንሾች እንደሚከተሉ አስተዋለ። ልብሱን አውልቆ ውሃው ውስጥ ገባና ከጀልባዋ ኋላ ያዘ።

«ተኛ። እጅህን እንዳታወጣ።»

በእግሩ እየመታ ገፋኝ። ስናልፍ ጀልባዋ ወደ ጎን ዘመመችና ትከሻውን ከድንጋዩ ጋር አጣበቀችው። ሲጮኽ ሰማሁት። አልለቀቀም። በድንገት ፀሐዩ ፊቴን መታኝ። ጎትቼ ወደ ጀልባዋ ሳስገባው ቆዳው ከትከሻው እስከ ክርኑ ተገፍፎ ነበር።

እስከ ወደቡ ድረስ እኔ ብቻ ቀዘፍኩ። ሳልቫቶሬ የክርስትና ልብሱን እንደለበሰ ቆሞ ይጠብቀናል። ሊሳደብ አፉን ከፈተና የጌታቸውን ትከሻ ሲያይ ስድቡን ትቶ ደግፎ ወደ መድኃኒት ቤቱ ወሰደው። እኔ ወደ ክፍላችን ሮጬ ፍራሹን አነሣሁ። ደብዳቤው ፖስታው ተከፍቶ እዚያው ነበር። ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ጠቀጠቅኩ። ወደ ባቡር ጣቢያ የሚሄደው አውቶቡስ ሊነሣ ነው። ወደ ማቆሚያው ስሮጥ ጌታቸው መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ቁስሉን ያጥቡለታል። ሲያየኝ ተነሣ።

«ዳኒ!»

አልዞርኩም።

ሐሙስ ጠዋት ሮም በሰዓቱ ቀረብኩ። በአራተኛው ወር ዋሽንግተን ገብቼ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ እንደገና ዕቃ አጠብ ነበር። ጌታቸው በሰው በሰው አድራሻዬን አግኝቶ ሦስት ደብዳቤ ጻፈልኝ። ሦስቱንም አነበብኩ፤ አንዱንም አልመለስኩም። ንዴቱ በስድስት ወር ወጥቶልኛል። የቀረው እፍረት ነበር፤ ዋሻው ውስጥ ጥሎኝ መውጣት ሲችል ያልሄደውን ሰው ቁስሉ ሳይታሰር ጥዬው የሄድኩት እኔ ነኝ። እፍረት ደግሞ ከንዴት ይልቅ ዝም ያሰኛል። ከዚያ ከአርሊንግተን ሄርንደን፣ ከሄርንደን ስፕሪንግፊልድ፣ ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ስቀያይር ኖርኩ። ማርታ ስድስተኛ ክፍል እስክትደርስ አራት ትምህርት ቤት ቀይራለች። ደብዳቤዎቹም በአንዱ ጉዞ ጠፉ።

ከሁለት ወር በፊት ስፕሪንግፊልድ ለቅሶ ቤት ከጣልያን የመጣች ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ወሬ ወሬን ሲያነሣው ለካ ጌታቸውን ታውቀዋለች። ናፖሊ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ሁለት ልጆች አሉት። ስልኩን ሰጠችኝ።

«ኮል አላደረግክለትም?» አለችኝ ማርታ።

«አላደረግኩም።»

«ሁለት ወር ሙሉ? ዳዲ!» ስልኬን ከኪሴ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

በረንዳው ላይ ወጥቼ ደወልኩ። እዚያ መሽቷል። በጣልያንኛ የሚያወራ ቴሌቪዥን ይሰማል፤ ቀጥሎም የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«ጌታቸው?» አልኩ። «ዳንኤል ነኝ። የሮሙ።»

አንድ ሰው ቴሌቪዥኑን ዘጋው። ሁለት ወር ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ የመጀመሪያው ቃል ጠፋኝ። እሱ ቀደመኝ።

«ያን ቀን ባቡሩ ላይ ደረስክ?»

«አልደረስኩም» አልኩት። «አመለጠኝ። ጣቢያው ወንበር ላይ አደርኩ።»

«ምን? ጣቢያው እኮ አሥር ኪሎ ሜትር አይሞላም! መጥተህ ታድር ነበር።»

ሊወቅሰኝ አይደለም። ወንበር ላይ ማደሬ ነው ያሳዘነው። ባቡሩ ካመለጠኝ እመጣለሁ ብሎ ያን ማታ በሩን ሳይቆልፍ እንደጠበቀኝም ነገረኝ።

ከዚያ ብዙ አወራን፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ማርታ፣ ስለ ጉልበት ሕመም። ይቅርታዬንም ተቀበለኝ፤ የእሱንም ተቀበልኩት። ከእሑድ ጀምሮ ግን የሚመላለስብኝ አንድ ነገር ነው። ያን ማታ ብመለስ የሐሙሱ ቀጠሮ ያመልጠኝ ነበር ወይ ብዬ አሰላለሁ። አያመልጠኝም ነበር። የሚቀጥለው ባቡር ረቡዕ ጠዋት ነው የተነሣው። ለአንድ ሌሊት የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ።