ያልሞቱት ጎረቤታችን

ስቀና መደበቅ አልችልም፤ ፊቴ ላይ ይታወቃል። በኮሮናው ጊዜ በአንዲት ሴት ላይ የቀናሁትን ያህል ግን በማንም ላይ ቀንቼ አላውቅም።

በምሠራበት የኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያ አብራኝ የምትሠራ ጋዜጠኛ ነበረች። እሷ እዚያው መርካቶ አጠገብ ያለው የአብነት ሰፈር ልጅ ናት። እኔ ደግሞ እናቴ መርካቶ ምንጣፍ ተራ ሱቅ ስላላት ከትምህርት ቤት መልስ ጥቅል ምንጣፍ ላይ ተጋድሜ ነው ያደግኩት። እሷ ከሬዲዮው ሌላ የራሷ የፌስቡክ ገጽ ነበራት፤ ተከታዩ አይጣል ነው! ራጉኤል ጋ ከታክሲ ስንወርድ ተሸካሚው ሳይቀር «የኛ ጋዜጠኛ!» ይላታል። እኔን? እኔን «ዞር በይ እህቴ፣ ዕቃ ነው» ይለኛል። እናቴ ራሷ የኔን ፕሮግራም ዘግታ የሷን ቪዲዮ ነበር የምትከፍተው። «ምን ላድርግ፣ ያንቺ እኮ እጅ ታጠቡ ብቻ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። እርር ድብን አልኩ።

ከእናቴ ሱቅ ቀጥሎ ያሉት ጋሼ በኮሮና ታመው ማቆያ የገቡት ያን ሰሞን ነው። ሚስታቸው፣ እትዬ፣ እጄን ሊይዙ ብለው መልሰው ተዉት። «ልጄ፣ የኛን ነገር በሬዲዮ እንዳታወጪብኝ» አሉኝ። «ሱቃችንን የሚረግጥ አይኖርም፤ ልጆቼንም ከየሰው ደጅ ይመልሱብኛል።» አለቃዬን አማከርኩና ስሙንም፣ ሱቁንም፣ ተራውንም ላንጠቅስ ተስማማን። ስለ በሽታው ተናገርኩ፣ ስለ ሰውየው ዝም አልኩ። ትክክል ነበርኩ፤ ዛሬም ትክክል ነኝ እላለሁ። ግን ወሬውን በእጄ ይዤ «እሷ ብትቀድመኝስ» እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ቀደመችኛ!

ምንጣፍ ተራ ከነጋዴው አንዱ ሲሞት ጎረቤቶቹ እስኪቀበር ድረስ ከሱቃቸው ሁለት መዝጊያ አንዱን ይዘጋሉ። ዝጉ ብሎ የሚያዝ የለም፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው አይቶ ይዘጋል። ያን ሰሞን ግን ሁሉም አንድ መዝጊያውን የዘጋው ገበያተኛው እንዳይተፋፈግ፣ ተራ በተራ እንዲገባ ብሎ ነው። እሷ በዚያ ስታልፍ የጋሼ ሱቅ ጥርቅም ብሏል፣ የግራ ቀኙ ደግሞ ግማሽ ተዘግቷል። መታመማቸውን ሰምታለች። በቃ! የቦሌ ልጅ ብትሆን ኖሮ «ለምንድነው የዘጋችሁት?» ብላ ትጠይቅ ነበር። የአብነት ልጅ ምን ብላ ትጠይቅ? ልማዱን ታውቀዋለቻ! ስልኳን አወጣች፣ የሱቁን በር አሳየች፣ እንባዋን ጠረገች፣ ጋሼን በኮሮና ሞቱ አለች።

ቪዲዮውን ያየሁት ቢሮ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፤ «እንዴት ቀደመችኝ!» የሚል ነው። ከዚያ የጋሼ ስልክ ላይ ደወልኩ።

«አቤት» አሉ ጋሼ ራሳቸው።

«ጋሼ! ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ ሾርባ እየጠጣሁ ነው። ምነው ልጄ?»

ቤታቸው ግን ጉድ ፈልቷል። ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ለሰው መቀራረብ በሚያስፈራበት በዚያ ጊዜ ለቀስተኛው ተቃቅፎ ያለቅሳል። እትዬ «ኧረ ባሌ አልሞተም!» ቢሉ «ሐዘኑ ጸንቶባት ነው» እያሉ ያባብሏቸዋል። እኔም የጋሼን ድምፅ አስፈቅጄ ቀድቼ በማግስቱ ጠዋት በሬዲዮ አሰማሁ። በልቤ «እሰይ! እንግዲህ ጉድሽ ይውጣ» እያልኩ ነው። ድንኳኑ ፈረሰ። ገበያው ግን አልሰማኝም። እሷ ቪዲዮዋን አጥፍታ ትንፍሽ አላለችም።

ጋሼ ድነው ወጥተው ሱቃቸውን ሲከፍቱ፣ ወይ ጉድ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ ደንበኛ ጭምብል አድርገው ስላያቸው የሟች ወንድም መስለውት፣ በሩ ላይ ቆሞ «ነፍስ ይማር፤ ወንድምዎ ደግ ሰው ነበሩ» ብሏቸው ሄደ። ሌላው የሟች ሱቅ ነው ብሎ በዚያ ማዶ ዞሮ ያልፋል። እትዬ ማንም ያልረገጠውን ሱቅ ሲጠርጉ ይውላሉ። «እንዲህ ከቀጠለ መዝጋታችን ነው» አሉኝ።

መቅጃዬን ይዤ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ሰፋ አድርገን እንሥራው» አልኳቸው።

«ተባረኪ ልጄ፣ እውነቱን የተናገርሽ አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ግን ሰው መሞቴን የሰማው ከሷ ነው። መኖሬንም ከሷ ካልሰማ አያምንም። ስልኳ አለሽ አይደል? ጥሪልኝ።»

ቆሽቴ አረረ። እኔ? እኔ ልጥራት? እትዬን አየኋቸው፤ መጥረጊያቸውን ይዘው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ምን አባቴ ላድርግ፣ ደወልኩላት።

«በምን ፊቴ ልምጣ?» አለችኝ።

«በሚያውቁት ፊትሽ!» ብዬ ዘጋሁባት።

መጣች። ከጋሼ ራቅ ብላ ቆማ፣ ስልኳን አስደግፋ፣ «ሳልጠይቅ ነው የተናገርኩት፣ ጋሼ ይኸው አሉ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። በማግስቱ ደንበኛው ሁሉ እየሳቀ ተመለሰ፤ አንዱ «እንኳን ከሞት ተረፉ» ብሎ ጥቅል ምንጣፍ አስጭኖ ሄደ። እትዬ እየሳቁ አለቀሱ። ለሳቸው ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ግን ሲሳሳቱም ሲያርሙም መወደድ ለሷ ብቻ እንዴት ተደርጎ ይፈቀዳል?

ወደ እናቴ ሱቅ ስገባ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ያንኑ ቪዲዮ ታያለች። «አየሻት?» አለችኝ ቀና ሳትል። «ጋዜጠኛ ማለት እንዲህ ነው! ማንም ሳይጠራት መጥታ ጥፋቷን አመነች።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ የጠራ...»

«እሽሽ!» አለችኝ፣ «ልስማበት።»