ለዛጎሎቹ የጠለለ ውሃ

ሰበታ ውስጥ ምስር ሲገዛ ጠጠር መልቀም የማይፈልግ ሰው ወደ ራህመት ሱቅ ይሄዳል። ራህመት ምስሩን ሁለቴ ታበጥራለች። የቧንቧ ውሃም በነጭ ሻሽ ሳታጠልል ድስት ውስጥ አትጨምርም። ክረምት ላይ ውሃው ቀይ ሆኖ ስለሚመጣ ሻሹ የግድ ነው፤ እሷ ግን በበጋም አትተወውም። ባሏ ዲኖ፣ "መሰላል ብታገኝ ዝናቡንም ሳይወርድ ታጠልለው ነበር" ይላታል።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ልጃቸው ሚንሃ ከዝዋይ ሐይቅ ዛጎሎች ይዛ መጣች። የእጅ መዳፍ ግማሽ የሚያህሉ፣ ሁለት ክዳን ያላቸው፣ ውስጣቸው ለስላሳ ሥጋ የሆነ ሕያው ፍጥረታት ናቸው። ሚንሃ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ የመመረቂያ ጥናቷም ዛጎሎች ከውሃ ውስጥ ምግብ እንዴት እንደሚይዙ ነው። ከሱቁ ጀርባ፣ ለሁለት በተቆረጠ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ አሸዋ አነጠፈችላቸው፤ አየር የምትነፋ ትንሽ ፓምፕም ሰካችላቸው። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዋ ስትመለስ አረንጓዴ የኩሬ ውሃ በጀሪካን ትታ፣ "በየጠዋቱ አንድ ጣሳ ጨምሪላቸው። ብዙ አልቆይም" አለቻት እናቷን።

ቆየች። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበብ የተነሳው ተቃውሞ ከከተማ ከተማ ተዛመተ፤ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፤ ከሚንሃ ግቢ መውጣትም መግባትም ቀረ። ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ የለም። ራህመት ከሩቅ ሆና ለልጇ ልታደርግላት የምትችለው አንድ ነገር ቀራት፤ ዛጎሎቹን በሕይወት ማቆየት። ከሞቱ የሚንሃ ዓመት ይባክናል፤ ዝዋይ ወርዶ ሌላ ማምጣት አይታሰብም።

ስለዚህ ተጠነቀቀችላቸው። ያንን አረንጓዴ ውሃ ስታየው ቀፈፋት፤ ሻሹን አጥፋ ድርብ አድርጋ በየጠዋቱ አጠለለችላቸው። ሻሹ ላይ የቀረውን አረንጓዴ ዝቃጭም በሳሙና አጥባ ደፋችው።

ታኅሣሥ ላይ አንዷ ዛጎል ክዳኗን ከፍታ ቀረች። ደህናዋ ዛጎል ሲነኳት ትገጥማለች፤ ይቺ በጣት ስትነካም አልገጠመችም፣ ሸተተችም። ሁለተኛዋ ተከተለቻት። ራህመት ጓሮ ቀበረቻቸውና ሚንሃ ስትደውል "ደህና ናቸው" አለቻት። በሦስተኛዋ ግን አልቻለችም።

"ሚንሃዬ፣ እየሞቱብኝ ነው።"

"ውሃውን ትጨምሪላቸዋለሽ?"

"በየቀኑ። አጥልዬ፣ ንጹሑን።"

"እማ፣ በምንድነው የምታጠልዪው?"

"በሻሹ ነዋ፤ በደህናው።"

"እማዬ፣ ሻሹ ላይ የሚቀረው እኮ ነው ምግባቸው።" ሚንሃ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየም። "ስሚኝ። ዛጎሏ ውስጥ ግራና ቀኝ እንደ መጋረጃ የተንጠለጠለ ስንጥብ አለ፤ ዓሣ የሚተነፍስበት ዓይነት። ስንጥቡን በዓይን የማይታይ ፀጉር ሸፍኖታል፤ ፀጉሩ ያለ ዕረፍት ይቀዝፋል። ቀዘፋው ውሃውን በአንድ ቀዳዳ ያስገባና በስንጥቡ አሳልፎ በሌላ ቀዳዳ ያስወጣዋል። ውሃው ሲያልፍ ደቃቁ አረንጓዴ እዚያው ይያዛል፣ በዝልግልግ ይጠቀለላል፣ ፀጉሮቹም እየተቀባበሉ አፏ ድረስ ያደርሱታል። አሸዋ ከገባ ለይታ ትተፋዋለች።"

"እኔ ቀድሜ አጥልዬ ጨረስኩላቸው በይኛ።"

"ጨረስሽላቸው።"

ጀሪካኑ ባዶ ነበር። ሚንሃ የቀዳችበት ኩሬ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ገበሬው ኦቦ ነገሳ ከብት የሚያጠጡበት ነው። ራህመት በማግስቱ ጀሪካኗን አነሳች።

"መንገድ ላይ ልጆቹ አሉ፣ ፖሊስ አለ" አለ ዲኖ። "ለዛጎል ብለሽ?"

"ለሚንሃ ብዬ።"

"እኔ ልሂድ በቃ።"

"በዚህ ጉልበትህ? ማን ተሸክሞ ይመልስሃል?"

ዲኖ ጀሪካኑን ተቀበላትና ከጀሪካኑ አፍ ላይ የታሰረውን ሻሽ ፈትቶ ኪሱ ከተተው። "ይሄ ግን እዚህ ይቀራል" ብሎ ጀሪካኑን መለሰላት።

ድንጋይ ከተደረደረበት ቦታ ስትደርስ ጃራ፣ የሰፈሯ ልጅ፣ ከጓደኞቹ መሃል ተነስቶ በኦሮምኛ 'የሚንሃ እናት' እያለ ሰላም አላት። "አካም፣ ሃዳ ሚንሃ! ወዴት ነው?"

"ኦቦ ነገሳ ኩሬ። ውሃ ልቀዳ።"

"የቧንቧ ውሃ ሄደ እንዴ?"

"አልሄደም። የቆሸሸ ፈልጌ ነው።"

ጃራ ጓደኞቹን አየ። "ለቆሻሻማ ፋብሪካዎቹ ደጃችን ድረስ ያመጡልን የለ? ምን አደከመዎት?"

"እሱማ ይገድልብኛል። የምፈልገው የሚበላውን ቆሻሻ ነው።"

ልጆቹ ሳቁ። ጃራ ግን ድንጋይ ገፍቶ አሳለፋት፤ "ሲመለሱ ጀሪካኑን እኔ አሻግርልዎታለሁ" አላት።

ኦቦ ነገሳ ከዳር ስትቀዳ አይተው ከለከሏት። "እሱ ከብት ያደፈረሰው ጭቃ ነው። አረንጓዴው ፀሐይ የሚመታው መሃሉ ነው።" ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ገቡ።

"ኧረ ኦቦ፣ ብርዱ! አንቱ ተዉት፣ እኔ እገባለሁ።"

"ሚንሃ ራሷ ገብታ ነበር የምትቀዳው። 'ለእማ እንዳትነግሩብኝ' ብላኝ ነበር፤ ይኸው ነገርኩባት።"

ራህመት ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ቤት ስትደርስ አንድ ጣሳ ቀድታ እጇ ሻሽ ፈለገ፤ የለም። ፊቷን አጨፍግጋ እንዳለ ገለበጠችው። የበርሜሉ ውሃ አረንጓዴ ሆነ። ዛጎሎቹ እንደገጠሙ ቆዩ። ቁጢጥ ብላ ጠበቀች። ከዚያ አንዷ በስስ ከፈት አለች፤ ከንፈር የመሰለ ጠርዝ ብቅ አለ፤ አረንጓዴው እንደ ቀጭን ክር እየተሳበ ወደ ቀዳዳዋ ገባ። ሌላዋም ከፈተች። ራህመት ሱቋ ውስጥ ቆይታ፣ የከሰዓቱን የዐስር ሰላቷንም ሰግዳ ስትመለስ በርሜሉ ውስጥ የተነጠፈው አሸዋ ይታይ ነበር።

ስልኩ በስንት ሙከራ ገባላት።

"በሉ" አለች።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ውሃው ጠርቶ አሸዋውን አየሁት። ሦስት ግን ሞተውብሻል፤ የፊተኞቹን ሁለት ደብቄሽ ነበር።"

"የቀሩት ይበቁኛል፣ እማ። በቃ፣ በሉ?"

"በሉ አልኩሽ። አንቺስ በላሽ?"

"ካፌው ዝግ ነው። ዳቦ አለን።"

"በምን?"

"በሻይ።"

"እንግዲያው ዝጊና ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ብዪ። ነገም እቀዳላቸዋለሁ።"