«ይብቃ» የሚልለት ያጣ ገምጋሚ

ወንድሜ አላምረው ለመንግሥት ሥራ በፈቃዱ የተቀመጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያችው አንዷ በላችው።

መንደራችን ጋራ ዲማ ከቆቦ ወደ ቆላው ወረድ ብላ ነው ያለች። ስልክ የሚሠራው ጋራው ጫፍ ላይ ነው፤ እሱም ሲፈቅድ። ለለቅሶም ለሠርግም መልእክት ያለው ሰው እዚያ ይወጣና ስልኩን ወደ ሰማይ ይዘረጋል፤ ከሩቅ ላየን ምሕላ የያዝን ነው የምንመስለው። ጀዊሪያ የምትባል የጤና ኬላችን ሠራተኛ አለች። ምጥ የጠናባት ሴት ስትመጣባት አምቡላንስ ለመጥራት ሴትዮዋን ትታ ያንን ጋራ መውጣት አለባት። እና መንግሥት ኢንተርኔት ላልደረሳቸው ቀበሌዎች በድጋፍ መስመር ሊዘረጋ ነው ሲባል ከሁላችንም ይልቅ የጓጓች እሷ ናት።

ድጋፉ ለሁሉ አይበቃም። ቀበሌው ሁሉ ያመልክት፤ ከየአካባቢው የታመነ ሰው በፈቃዱ ቆቦ መጥቶ ማመልከቻውን ይገምግም፤ ነጥቡ የበዛለት ይቅደም ተባለ። አበል የለውም። መንደሩ በአንድ አፍ አላምረውን አለ።

ሌላ ማንን ይበል? አላምረው ገና ጢሙ ሳይነጣ ነው ለዕርቅ መቀመጥ የጀመረ። እኛ ዘንድ ሰው ሲጣላ ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ አላምረው ከዚህ ወገን፣ ከማሉዲን ከዚያ ወገን ሆነው ስንቱን ደም አድርቀዋል። የእነሱ ወግ እንዲህ ነበር፦ የገዛ ዘመድህ ሲከሰስ አንተው ትጨክንበታለህ፤ ካሳውን ከፍ ታደርግበታለህ። ያኔ ከማዶ ያለው ይነሣና «ይብቃ! ከብዶታል» ይላል፤ ነገሩ ወደ ልኩ ይመለሳል። አድልቷል ብሎ የሚያማም አይኖር።

ልጄ የከማሉዲን ወንድም ማሳውን የሚያጠጣበትን ጎርፍ ጠልፎ በእኛ ማሳ የለቀቀው ጊዜ አላምረው የእኅቴ ልጅ ነው አላለም፤ «በሬህን አምጣ» ብሎ ፈረደበት። እኔ እዬዬ ስል ከማሉዲን ሳቀብኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አርፈሽ ቁጭ በይ! ይኼ ወንድምሽ እኮ እኔ እስክናገር ነው የሚጠብቀው» አለኝ። ወዲያው ተነሣና «ይብቃ አላምረው! በሬውን ተውለት፤ መጥቶ ይረስልን» አለ። በሬያችን ቀረልን።

አላምረው ወደ ቆቦ ሊሄድ ሲነሣ ጀዊሪያ መንገድ ድረስ ሸኘችው።

«አባ አላምረው፣ አደራዎን። ወላሂ ጉልበቴ አልቋል።»

«አንቺ ደግሞ! እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሻል? ይልቅ ያን ጫማሽን ለሌላ ስጪው፤ ጋራ መውጣቱ ቀርቶልሻል!» አላት። ሳቅን።

በኋላ እንደ ነገረኝ፣ ገምጋሚዎቹን በየጠረጴዛው ለየብቻ ነው ያስቀመጧቸው። የኛ ማመልከቻ እጁ ሲገባ እጁ እንደ ወትሮው ጨከነ። «እነዚህ ጋራ ጫፍ ላይ ያገኛሉ፤ ሌላው ይህም የለው» ብሎ ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጠን። ሰጥቶም ቀና አለ። ከማዶ ካለው ጠረጴዛ አንዱ ይነሣል፣ ኧረ በዛ ይላል ብሎ። ማንም አልተነሣ። አንዲት ልጅ መጥታ ወረቀቱን ልትሰበስብ ስትል፣

«ልጄ፣ ቆይ እንጂ፤ ገና አልተነጋገርንበትም» አላት።

«አባቴ፣ ንግግር የለውም። ይደመራል፣ በቃ» አለችው።

ተደመረ። ሌሎቹ ለየአገራቸው እንዴት አትረፍርፈው እንደ ሰጡ ውሎ አድሮ ሰማን። መስመሩ ከማዶ ላለው ቀበሌ ሄደ።

አላምረው አልደበቀም። መጥቶ ሁሉንም ራሱ ነገረን። ጎረምሶቹ «በኛ መጽደቁ ነው!» እያሉ በደጁ ያልፉ ጀመር። ጀዊሪያ ግን አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። ወደ ጋራው ስትወጣ እሱ ደጅ ስትደርስ ጎንበስ ትልና የጫማዋን ማሰሪያ ታጠብቃለች፤ ከዚያ ትሄዳለች። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ የከማሉዲን ምራት ምጥ ያዛት። ጀዊሪያ ጋራ ወጥታ እስክትመለስ ልጁ ታፍኖ ሞተ። እናቲቱ ተረፈች።

ከዚያ በኋላ ነው መንደሩ ዛፉ ሥር ተሰብስቦ አላምረው ከአስታራቂነት ይነሣ ያለው። ተናገር አሉት። ተነሣ፤ ጋቢውን አስተካከለ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ጋራ ዲማን የጣልኩ እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ለዕርቅ አትጥሩኝ፤ ቃሌም ከሰው አይቆጠር» አለ።

ሰዉ እውነት መሰለው። እኔ ግን አውቄዋለሁ፤ በራሱ ላይ መጨከኑ ነበር። ሲጨርስ ቀና አለና ከማሉዲንን አየ።

ከማሉዲን በበትሩ መሬቱን ይጭራል። አልተነሣም። አላምረው ቆሞ ጠበቀው። ቢቸግረኝ ከሴቶቹ መሐል ተነሥቼ «ይብቃ!» ብዬ ጮኽኩ። ዞሮ ያየኝም የለ። እኅቱ ነኛ። ይብቃ የሚባለው ከማዶ ነው።

«እንግዲያስ ራሱ ፈርዷል» አሉና ተበተኑ።

አሁን ሲመሽ ከማዶው ቀበሌ የኢንተርኔት ምሰሶ አናት ቀይ መብራት ከደጃችን ይታያል። አላምረው ለእሱ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ዛሬም ኮቴ በሰማ ቁጥር ቀና ይላል። የሚመጡት ግን ከኔ ወንፊት ሊዋሱ ነው።