እጁን ሰጥቶ የመጣው ኢብራር

ኢብራር ጂዳ ውስጥ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ የኖረው የሰፈር ሰው መስሎ ነው። ከቤት ሲወጣ ሁሌም ትኩስ ዳቦ ይይዛል፤ ዳቦ ይዞ የሚራመድን ሰው ፖሊስ ልብ አይለውም። ኬላ ያለበትን መንገድ ሁሉ እንደ ፋቲሃ በቃሉ ያውቃል።

አንድ ቀን እህቱ ሀይፋ ከኮልፌ ደወለች። ልታገባ ነው። አባታቸው በሕይወት ስለሌሉ በኒካሁ፣ በጋብቻ ውሉ ላይ፣ የሙሽራውን እጅ ጨብጦ የሚድራት እሱ ነው።

«አጎቴ አብደላ እወክለዋለሁ ብለዋል። እኔ ግን አንተ ካልዳርከኝ የተዳርኩ አይመስለኝም» አለችው።

ወረቀት የሌለው ሰው አገሩ የሚገባው ተይዞ ሲባረር ነው። ኢብራር ዳቦውን ትቶ ኬላ ፊት ተገተረ። መያዝ ሲፈልግ ያዥ ጠፋ! አንዱ ፖሊስ «መንገድ አትዝጋ» ብሎ ገፈተረው። ሌላ ኬላ ሄዶ «ኢቃማ የለኝም፣ ያዙኝ እንጂ!» ብሎ ሲጮህ ነው የወሰዱት።

እስር ቤት ብዙ አቆይተውት ቦሌ የደረሰው በኒካሁ ዕለት ጠዋት ነበር። ኒካሁ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነው። ጦር ኃይሎች ላይ የሞላ ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቆ ገባ።

«ትራፊክ! ትርፍ የሆንክ ጎንበስ በል!» አለ ረዳቱ።

ፊሽካ ተነፋ። የኢብራር ልብ አገሩ መግባቱን ገና አልሰማም ነበርና በሩን ከፍቶ እግሬ አውጪኝ አለ።

«አንተ! የሚቀጣው እኮ ሹፌሩ ነው!» ረዳቱ ከኋላው በሳቅ ፈረሰ።

ኢብራር ሮጠ። በልጅነቱ ኳስ የተጫወተበት ሜዳ ፎቅ በቅሎበታል፤ እግሩ ግን አቋራጩን አልረሳም። አጠና ተራ ሲደርስ ቆሎ የሚሸጡ እናት ጮሁበት።

«ምን ሰርቀህ ነው?»

«ምንም እማማ! ቤቴ እየሄድኩ ነው!»

«ታዲያ ቤትህን ማን ሊወስድብህ ነው?»

ያኔ ለራሱም ሳቁ መጣ። ሊቆም ሲል ግን የዙህር አዛን ተሰማ። እንደገና ሮጠ፤ አሁን የሚያባርረው የለም፣ የሚደርስበት ኒካህ አለ እንጂ።

ቤቱ ሲደርስ ሶላቱ አብቅቷል፤ ድንኳኑ ውስጥ አጎቱ የሙሽራውን የፈሀድን እጅ ይዘው ሼኩ እስኪጀምሩ ይጠብቃሉ።

«አጎቴ፣ ይልቀቁት!»

«ያ አላህ! ይሄ ጂኒ ከየት መጣ?» አሉና እየሳቁ ቦታውን ለቀቁለት።

ከጓዳ እልልታ ቀለጠ፤ መጀመሪያ እልል ያለችው ሙሽራዋ ራሷ ነበረች። ሴቶቹ «ኧረ አንቺ፣ ነውር ነው!» ቢሏት ማን ሰምቶ!

ኢብራር ላቡን ሳይጠርግ የፈሀድን እጅ ጨበጠ። ሼኩ «ልጄ፣ መጀመሪያ ተንፍስ» አሉት።

«ድሬያት ልተንፍስ!»